ስለ ፍጻሜው ጨዋታ ልትለው የነበረው

ውዴ ደሳለኝ፣

የደብዳቤ ደንብ በመጀመሪያ ጤናህን ልጠይቅ ይላል። ምን ብዬ እንደምጠይቅህ ስላልገባኝ ዘልዬዋለሁ፤ ደንብ ሲጣስ እንደማትወድ ባውቅም ለዛሬ ቻለው። ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገብቷል። ልጃችን ሜሮን ትምህርት ስለተዘጋ ሆሳዕና እህትህ ዘንድ ሄዳለች። እቤት ያለነው እኔና የስፌት መኪናዬ ብቻ ነን፤ አንተን ካልቆጠርን ማለቴ ነው።

አንተን ልቁጠር አልቁጠር ገና አልወሰንኩም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ከሜዳ ትመለስበት በነበረው ሰዓት፣ የግቢው በር ሥር ያለው ድንጋይ ላይ የጫማህን ጭቃ ስታራግፍ እሰማለሁ። ክረምት ብቻ ቢሆን የጎረቤት ነው ብዬ እተወው ነበር። በጥርና በየካቲት፣ ሰፈራችን ገርጂ በአቧራ ታፍኖ ጠብታ ጭቃ በሌለበትም ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እየሮጥኩ እከፍት ነበር። አሁን አልከፍትም፤ መኪናዬን አቁሜ እጠብቃለሁ፤ ድምፁ ሲያበቃ ስፌቴን እቀጥላለሁ። ለፓስተራችን ነገርኩት። የሞቱት በጌታ ዕረፍት ላይ ናቸው፣ ወደኛ አይመላለሱም አለኝ። አምነዋለሁ። እምነቴና ጆሮዬ ግን እስካሁን አልተስማሙም።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ከመገናኛ ታክሲ ተሳፍሬ ስመጣ፣ ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ማጅራት የአንተ ሆነብኝ። ከጆሮህ ጀርባ ያለችው ጠባሳህ ሳትቀር። ወያላው ገርጂ ወራጅ አለ ወይ እያለ ሲጮህ ዝም አልኩ። ሰውየው ጎሮ ሲወርድ እኔም ወርጄ ተከተልኩት። ዞር ሲል የማላውቀው ሰው ፊት ነው። ምን ፈለጉ እናቴ አለኝ። መንገድ ተሳስቼ ነው አልኩትና በእግሬ ተመለስኩ። እንዲህ ሆኛለሁ፤ ሳቅብኝ ከፈለግህ።

ሰፈሩ ተለውጧል። ከጓሯችን ያለው የጤፍ ማሳ ታጥሮ ድንጋይና አሸዋ ተከምሮበታል፤ ባለቤቱ ቪላ ሊሠራ ነው ይላሉ። ስልክም ገብቶልናል። ስንት ዓመት ስትመላለስለት ኖረህ፣ አንተ ከሄድክ በኋላ መጥተው ተከሉት። ሲጠራ አነሳለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ማንም አይናገርም። መስመሩ ነው ይሉኛል። ቢሆንም ቶሎ አልዘጋውም።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ግን ለዚህ አይደለም። ኮሌጆቹ የወሰኑትን ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከኔ ስማው ብዬ ነው።

አሰልጣኝ ሆነህ ለኮሌጆቹ ውድድር አንተው ያወጣኸውን ሕግ ልድገምልህ፤ ኳስ የማይገባት ሚስትህ ስታስረዳህ አስበው። ስድስት ኮሌጆች ናቸው። እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር አንዴ በሜዳው፣ አንዴ በእንግድነት ይጫወታል። ዓመቱ ሲያልቅ ነጥቡ የበዛለት ዋንጫውን ይወስዳል። ሁለት ቡድኖች እኩል ከወጡ በጎል ብዛት አይለዩም፤ ጎል ከተቆጠረማ ደካማውን እንዲያዋርዱት መፍቀድ ነው ብለህ ከልክለሃል። ዋንጫው ግማሽ ዓመት አንዱ ጋ፣ ግማሽ ዓመት ሌላው ጋ ይቀመጣል። ከጨዋታው በኋላ ባለሜዳው ለእንግዳው ምሳ ያበላል፤ የሁለቱም ተጫዋቾች ተቀላቅለው፣ አንድም ሳይጎድል፣ አብረው ካልበሉ ውጤቱ አይመዘገብም። ይህች የመጨረሻዋ ሕግ ሌላ አገር ያለች አይመስለኝም። የውድድሩ ሰብሳቢ ሆድህ ነው እያልኩ አሾፍብህ ነበር። አንተ ግን ሰው አብሮት የበላውን በሚቀጥለው ጨዋታ እግሩን አይሰብረውም ትለኝ ነበር። እውነትህን ነው፤ ማሊያውን የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ ሕጓ ከወጣች ወዲህ ቀዳዳው እንደቀነሰ አይቻለሁ።

ያቺ ካቻምና ያንተ ኮሌጅና የጎሮው ኮሌጅ እኩል ወጥተው ዋንጫው የተከፈለባት ዓመት ናት ነገሩን ያመጣችው። ከዚያ ወዲህ የጎሮዎቹ አምበል ሄኖክ እቤታችን መመላለስ ጀመረ። ሁለቱ የበላዮች በመጨረሻ ይግጠሙ፣ የፍጻሜ ጨዋታ ይኑረን ይላል። አንተ ደግሞ ሆሳዕና ተማሪ ሳለህ የደረሰብህን ትነግረዋለህ። ዓመቱን ሙሉ ሳትሸነፉ ከርማችሁ፣ በፍጻሜው ቀን ሪጎሬ ስተህ፣ የከተማው ሰው ያንን ዓመት በሙሉ ረስቶ የሳትካትን አንዲት ኳስ ብቻ ይዞ እንደቀረ። ገበያ ስትወጣ እንኳ እየተጠቋቆሙብህ፣ ትምህርትህን ልታቋርጥ እንደነበር። የዓመት ልፋት በአንድ ከሰዓት በኋላ አይመዘንም ብለህ ትዘጋዋለህ። ሄኖክ ጨዋ ልጅ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ይሰማሃል። አንድ ቀን ግን ቀና ብሎ፣ "ጋሼ፣ እኩል ናችሁ ሲሉን እኮ እንቅልፍ አይወስደንም። ብንሸነፍም ማወቅ እንፈልጋለን" አለህ። አንተ ወደ እኔ ዞረህ ምግብ ጨምሪለት አልከኝ።

ጥያቄው አንተ ለምትመራው የውድድሩ ኮሚቴ ቀርቦ ስብሰባው ለሰኞ ተቀጠረ። እሑድ ከቸርች ተመልሰን ምሳ በላን። አንተ በረንዳው ላይ ተቀመጥክ፣ እኔ በራፉ ላይ ሆኜ የተጫዋቾችህን ማሊያ ቁጥር እሰፋ ነበር። እሑድ መሆኑን ባውቅም ለማክሰኞ ይፈለግ ነበር። ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም፣ "አስቴር፣ ያንን የፍጻሜ ጨዋታ ነገር ሳስበው ከረምኩ። ነገ የምላቸው..." አልክ።

ቀና ስል አፍህ እንደተከፈተ ነው፤ ዓይንህም ወደኔ ነው። ጠበቅኩህ። ቃል ስትመርጥ ማስጠበቅ ልማድህ ስለነበር ምንም አልመሰለኝም። ሐኪሙ በኋላ ልብህ እንደሆነና ምንም ሳይሰማህ እንደሄድክ ነገረኝ። እንዳልተሰማህ በምን እንዳወቀ አልጠየቅኩትም።

ስድስቱም ኮሌጆች ለለቅሶ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ማን ከማን እንደሆነ ሳይለይ ተቀላቅለው ተቀምጠው የእድሩን ንፍሮ ሲበሉ ሳይ፣ ሕግህ ትዝ ብላኝ በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል ልስቅ ምንም አልቀረኝም። የዚያ ዓመት ውድድር እዚያው ላይ ቆመ።

ነገ የምላቸው ብለህ ነበር። ምን? ከጫማህ ድምፅ ይልቅ የሚያሳድደኝ ይኸው ነው። ጨርቅ ስቆርጥ፣ ምስር ስለቅም፣ ቸርች ቁጭ ባልኩበት፣ ነገ የምላቸው ትለኛለህ፤ ታቆማለህ። አንዳንዴ አይሆንም ብለህ ስትጨርሰው እሰማለሁ፣ አንዳንዴ ይሁን ብለህ። ሁለቱም በገዛ ድምፅህ ነው። የትኛው አንተ እንደሆንክ፣ የትኛው የኔ ጭንቅላት እንደሆነ መለየት ስለማልችል እፈራለሁ።

ዘንድሮ ውድድሩ ቀጠለ። ግንቦት ላይ እነዚያው ሁለቱ ዳግመኛ እኩል ወጡ፤ ከዚያ ሁሉም ወደኔ መጣ። መጀመሪያ ያንተው አምበል ሳሙኤል። ጋሽ ደሳለኝ እስከ መጨረሻው አይሆንም እንዳሉ ነው የሞቱት አለኝ፤ በመጨረሻው ዓርብ ሜዳ ላይ ለሱ ነግረኸዋል። በማግስቱ ሄኖክ መጣ። ታክሲ ውስጥ ትከሻውን ይዘህ፣ አንተ ልጅ በዚህ ክርክር ሳታሸንፈኝ አትቀርም ብለኸዋል። ሁለቱም አይዋሹም፤ ዓይን ዓይናቸውን አይቻለሁ። ደግሞ ሲያወሩ ሁለቱም አንተን ይመስላሉ። ሳሙኤል እንዳንተ አገጩን ያሻል፤ ሄኖክ እንዳንተ ከመናገሩ በፊት ወደ ጣራው ያያል። ከሄዱ በኋላ ወንበርህን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። አትቀየመኝ፤ በዛህብኝ።

በመጨረሻ አንተን ተክቶ ኮሚቴውን የሚመራው አቶ ግርማ ሁለት የእድር ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ያገራችንን ነገር ታውቃለህ። ሰው ሊሞት ሲል የተናገረው ኑዛዜ ነው፤ ቤትም ይሁን ከብት፣ እንዳለው ይፈጸማል እንጂ አይመከርበትም። አቶ ግርማ ኮሌጅ የሚያስተምር ሰው ሆኖ ሳለ የኳስ ሕግ በኑዛዜ ሊያስወስን መጣ! የመጨረሻ ቃልህን የሰማሁት እኔ ስለሆንኩ ስብሰባው ላይ ቀርቤ እንድናገር፣ ያልኩት እንደሚጸድቅ፣ ድምፅ መስጠትም እንደማያስፈልግ ነገረኝ። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀልድ መስሎኝ ጠበቅኩ፤ ማንም አልሳቀም።

ያንን ሳምንት እንዴት እንዳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። መዋሸት አማረኝ። አይሆንም ብሏል ብላቸው ሕግህ ይቆማል፤ ሕግህ እስካለ አንተም ከሜዳው አትጠፋም። ይሁን ብሏል ብላቸው ደግሞ ነገሩ ይዘጋል፤ ምናልባት አንተም ቃልህ ካለቀልህ ትተወኝና አርፋለሁ። የትኛውንም ብናገር የሚያጋልጠኝ ሰው የለም። ግን አንዴ ከተናገርኩ በኋላ ነገ የምላቸው ስትለኝ የምሰማው ያንን የራሴን ውሸት ነው፤ አንተን ለዘለዓለም አልሰማህም። ይህን ሳስብ መርፌ ጣቴን ወጋኝ።

ስብሰባው ኮሌጅህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። ጠረጴዛው ራስጌ ላይ አንድ ወንበር ባዶ ትተዋል። ማን እንዳዘዘ አላውቅም፤ ማንም አልተቀመጠበትም፣ ማንም ወደዚያ አያይም። ተነሳሁ። ያልከውን፣ ያልከውን ብቻ ነገርኳቸውና አንተ ያቆምክበት ላይ ስደርስ ዝም አልኩ። አቶ ግርማ ከዚያስ አለኝ።

"ከዚያ ሞተ" አልኩት። "የቀረውን እኔ አልጨርስለትም፤ እናንተም አትጨርሱለት። የምትፈልጉትን በየራሳችሁ ስም ተናገሩ።"

ሽማግሌዎቹ ቅር አላቸው፤ አንደኛው ኑዛዜ እንደደበቅኩ ሁሉ ገላመጠኝ። ከዚያ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚወጣው የነርሶቹ ኮሌጅ አሰልጣኝ ቀስ ብሎ ተነሳ። ፍጻሜ ከመጣ ሰው ሁሉ ዓይኑን በሁለት ቡድን ላይ ይጥላል፣ የኛን ጨዋታ ማን ሊያይልን ነው አለ። ሄኖክ ደግሞ እኩል ተብሎ መኖር አሸናፊውንም ተሸናፊውንም እንደሚያሳምም ተናገረ፤ ከዓመቱ ልፋት የሚቀነስ ነገር እንደሌለ፣ እዚያ የሚደርሱት በልፋታቸው እንደሆነ። ሳሙኤል ተቃወመው፤ በአንድ ቀን ዝናብና በአንድ ዳኛ ዓመት ሊበላሽ ነው አለ። ያንተው ሐሳብ ነው፤ ስምህን ግን አልጠራም። ሲከራከሩ አመሹና በእጅ ብልጫ ወሰኑ፦ ሁሉም ከሁሉም መጫወቱ፣ ነጥቡም ምሳውም እንደነበረ ይቆይ፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱ የበላዮች አንድ ጊዜ ይግጠሙ። ዘንድሮውኑ ይጀመር ተባለ። በአንተ ስም የተናገረ ሰው ስላልነበረ አዘንኩልህ። ደግሞም ስወጣ ትከሻዬ ቀለለኝ፤ ሁለቱንም ነው የምነግርህ።

ሰኔ ሲገባ ከሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ወዲህ ባለው ሜዳ ገጠሙ። የሁለቱንም ማሊያ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ሜዳ ስረግጥም የመጀመሪያዬ ነው። አንተ እያለህ ስንት ጊዜ ለምነኸኝ አልመጣሁም ነበር። ከሲኤምሲ፣ ከገርጂ፣ ከጎሮ ሰው ጎርፏል። የነርሶቹም ልጆች መጥተው ነበር። ዝናቡ ሲያካፋ ጃንጥላ ተዘረጋ፤ ከጃንጥላዎቹ መሐል በመስመሩ ጠርዝ ካፖርትህን ለብሰህ ስትመላለስ አየሁህ። አልተከተልኩህም። አንድ ለአንድ ወጡና ሪጎሬ ሆነ። የመጨረሻዋን ሳሙኤል ሊመታ ኳሷን ሲያስቀምጥ፣ ማሊያው ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ ሆሳዕና ያለኸውን አንተን ያየሁ መሰለኝ። እኔ የማላውቅህን፣ ገና ያላገኘሁህን። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከጩኸቱ አቅጣጫ እንደሳተ አወቅኩ።

አልዋሽህም፣ እንዲያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። ጎሮዎቹ ሄኖክን ተሸክመው ሲዞሩ እኔም አጨበጨብኩ። ልጁ ያለው እውነት ነበር፤ ማወቅ ሰውን እንዲህ ያደርገዋል። አንተም ያልከው እውነት ነበር፤ ሳሙኤል ነጩ ነጥብ ላይ ቆሞ ቀረ፣ በአጠገቡ የሚያልፈው ሰው ሁሉ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ወዲያው ደግሞ ከዓይኔ ጠፋ።

ምሳው ተዘጋጅቶ ሲቆጠሩ ሳሙኤል የለም። አቶ ግርማ ለዛሬ ይለፍ ማለት ፈልጎ ነበር፤ የነርሶቹ አሰልጣኝ ሕጉ ሕግ ነው፣ ሰው ጎድሎ ውጤት አይመዘገብም ብሎ ድርቅ አለ። ሄኖክ አቅፎት የነበረውን ዋንጫ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ዝናብ ውስጥ ወጣ። በጣም ቆየ። ምግቡ ቀዘቀዘ፣ ማንም አልነካውም። በኋላ ሁለቱም በስብሰው፣ እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰው ገቡና ጎን ለጎን ተቀመጡ። የት እንዳገኘው፣ ምን እንዳለው አልጠየቅናቸውም። ሁሉም መብላት ጀመረ።

በቀደም ዕለት ሳሙኤል የተቀደደ ማሊያውን ይዞ መጣ። ሰፍቼ ስሰጠው አልሄደም። በራፉ ላይ ሲያመነታ ቆየና፣ "እትዬ፣ ጋሽ ደሳለኝ ቢኖሩ ምን ይሉኝ ነበር?" አለኝ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፣ ደሳለኝ። በአንተ ድምፅ፣ በአንተ አነጋገር የመጣ ያማረ መልስ፤ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ይዞት የሚኖረው። ዋጥኩት።

"አላውቅም፣ ልጄ" አልኩት።

አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። በቀብርህ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም፤ ያኔ የሞትከው አንተ ብቻ መስለኸኝ ነበር፣ ልትለኝ የነበረው ሁሉ አብሮህ መሄዱ አልገባኝም ነበር።

ስንት ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ ነገ ምን ልትል እንደነበር አላውቅም። ይህን መጻፍ ይከብዳል። ሰው አስታውሺው ሲለኝ የማውቀውን እንድይዝ ነው፤ ሳቅህን፣ ግትርነትህን፣ ኩርፊያህን። እሱንማ እይዛለሁ፤ ከየት ይጠፋል? ግን የማላውቀውንም እይዝልሃለሁ። ያቺን የቀረችህን ቃል ማንም እንዳይሞላት እጠብቃታለሁ፤ ከማንም በላይ ደግሞ ከራሴ። ሲጠይቁኝ አላውቅም እያልኩ አስታውስሃለሁ። አንድ ቀን እኔም እመጣለሁ፤ ያን ቀን ጤናህን እንኳ ሳልጠይቅ አጠገብህ ቁጭ እላለሁ፣ አንተም ትጨርስልኛለህ።

የአንተው አስቴር